ከሸጥኳት በኋላ የተበላሸችው መኪና ዕዳዋ የማን ነው?

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጽሑፎችዎን መከታተል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ለስምንት ዓመት የነዳኋትን መኪና ሸጥኩ። የሸጥኳት እናቴ ቀዶ ሕክምና ስላስፈለጋት ነው፤ ገንዘቡም በዚያው ሄደ። መሃል ላይ ደላላ አልነበረም፤ ማስታወቂያውንም ያወጣሁት ራሴ ነኝ። «በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለች፣ በአንድ ሰው ብቻ የተነዳች፣ ምንም ወጪ የማትጠይቅ» ብዬ ጻፍኩ።

የገዛኝ ልጅ ገና ሥራ የጀመረ ወጣት ነው። ከአጎቱ ጋር መጥተው ነድተው ሞከሯት፣ ኮፈኗንም ከፍተው አዩ፤ መካኒክ ግን ይዘው አልመጡም። አጎትየው «ሞተሯ አስቸግሮሽ ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ። «ኧረ በፍጹም! እንኳን ሞተሯ ጎማዋም አስቸግሮኝ አያውቅም» አልኩት። ከዚያ ተፈራረምን። ባለቤቴ ውሉ ላይ «ገዢ መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ አይቶና ወዶ ገዝቷል» የሚል ቃል አስገባ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ደወለ። መኪናዋ መንገድ ላይ ሞቃ፣ ጭስ አውጥታ ቆመች አለኝ። ጋራዥ ሲወስዳት የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ውሃ እንዳያልፍ መሃል ላይ የሚገባው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል፣ ቴስታታውም ሳይጣመም አልቀረም ብለውታል። ለማሠሪያ የጠየቁት ከሸጥኩበት ዋጋ ሩብ ይሆናል። መጀመሪያ በትሕትና «እህቴ፣ ምን ይሻላል?» ነበር ያለኝ። እኔ ደንግጬ «ባለቤቴን ላማክርና እደውልልሃለሁ» አልኩት። ባለቤቴ «የተሸጠ ተሽጧል፤ ስልኩን እንዳታነሺ» አለኝ፤ አላነሳሁም። ልጁም ተቆጣ። ሌሊት ሌሊት መልእክት ይልካል። «እያወቅሽ ነው የሸጥሽልኝ» ይላል፤ «ገንዘቤን መልሺና መኪናሽን ውሰጂ» ይላል፤ ፍርድ ቤት እንገናኛለን ይላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «መሥሪያ ቤትሽ እመጣለሁ» ብሎ ጻፈ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርዎት። ከመሸጤ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መኪናዋ አንድ ጊዜ ሞቃብኝ ነበር። መካኒኩ የማቀዝቀዣውን ውሃ ዝውውር የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ቀይሮ «አለቀ» አለኝ፤ እውነትም ከዚያ ወዲህ ሞቃብኝ አታውቅም። ግን የራዲያተሯ ውሃ አልፎ አልፎ ጎደል ይል ስለነበር እጨምርባት ነበር። አሮጌ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ነው የተውኩት። አጎትየው ሲጠይቀኝ ይህ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር ወይስ አልነበረም? እውነቱን ልንገርዎትና አላውቅም።

የስም ዝውውሩም አላለቀም። ልጁ «እኔ እጨርሳለሁ» ብሎ ነበር፤ ጸቡ ሲመጣ ግን እንዲሁ ቀረ። ገንዘቡ በእጄ የለም። ባለቤቴ «ሳንቲም ብትሰጪው ጥፋተኛ ነኝ ማለትሽ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ዕዳው የእኔ ነው? ምን ላድርግ?

ሐሳብ የበዛባት እናት

መልስ

ውድ እህቴ፣

እናትሽ እንዴት ሆኑ? ቀዶ ሕክምናው በደህና አልፎ እያገገሙ ከሆነ ደስ ይለኛል። ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናዋን የሸጥሽው ጨንቆሽ ነው፤ በጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ቶሎ የሚያሳምነውን ቃል ይመርጣል እንጂ እያንዳንዱን ነገር አንድ በአንድ አያስታውስም። ይህ ሁሉን ያቃናል አልልሽም። ግን ራስሽን እንደ አታላይ ቆጥረሽ ሌሊቱን ሙሉ ስትገርፊ ማደርሽ ልክ አይደለም።

ደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ቦታ አለ፤ «ትዝ ብሎኝ ነበር ወይስ አልነበረም? አላውቅም» ያልሽውን። የሕጉም የኅሊናሽም ጥያቄ የተቋጠረው እዚያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት እሱን እንፍታው። ፍርሃት ትዝታን ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጎትታል። አንዳንዴ «ምንም አላውቅም ነበር» ያሰኘናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያልሠራነውን ክፋት ያሸክመናል። እንግዲህ ወረቀት አውጪና ለራስሽ ብቻ ጻፊ። መኪናዋ የሞቀችው መቼ ነበር? መካኒኩ ምን ነገረሽ፣ ደረሰኙስ አለ? ውሃ የምትጨምሪው በየስንት ጊዜው ነበር፤ በየሳምንቱ ነው ወይስ ሁለትና ሦስት ወር እየቆየ? በመጨረሻዎቹ ወራት መጉደሉ ብሶ ነበር? አንድ የሚከብድ ጥያቄም ልጨምርልሽ፦ ልጁና አጎቱ ሊያዩዋት የመጡ ዕለት፣ ከመምጣታቸው በፊት ውሃዋን ሞልተሽ ነበር? ሞልተሽ ከነበረ ለምን ሞላሽ? እንደ ልማድሽ ነው ወይስ እንዳትሞቅ ሰግተሽ? ይህን ለእኔ መመለስ የለብሽም። ለራስሽ ግን መልሺው፤ የሚቀጥለው እርምጃሽ በዚህ መልስ ላይ ይወሰናል።

ስለ ውሃው ጥቂት ልበል፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና። «አሮጌ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው» የሚለው በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደ አባባል ነው፤ ግን ልክ አይደለም። የሞተር ማቀዝቀዣ ዝግ ሆኖ የሚዞር ውሃ ነው፤ መኪናዋ ብታረጅም በየጊዜው ሊጎድል አይገባም። ከጎደለ የሚሄድበት ቦታ አለ። በጎማ ቱቦ ወይም በራዲያተሩ በኩል ያፈሳል፤ ወይም የውሃ ፓምፑ ያንጠባጥባል፤ ወይም ደግሞ ጋርኒሲዮኑ ጥቂት ተበልቶ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ይተናል። ቴርሞስታቱ መቀየሩ ሞተሩ አንድ ጊዜ ለምን እንደሞቀ ይገልጽ ይሆናል፤ ውሃው ለምን እንደሚጎድል ግን አይገልጽም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ቀስ ብለሽ እንድታስቢበት እፈልጋለሁ። መኪናዋ አንቺ ዘንድ ያልሞቀችው ውሃ ስለምትጨምሪላት ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን እንዲጨምር የነገረው ሰው የለም። አንቺ ሳታስቢው በእጅሽ የለመድሽው ነገር ለእሱ ጨርሶ የማያውቀው ምስጢር ነበር። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ እንቅልፍ የሚነሳሽ ይህ ነው፤ ስም ከወጣለት ደግሞ ትንሽ ይቀልልሻል። «ውሃዋን እያየህ ጨምር» የምትል አንዲት ቃል ብትነገረው ኖሮ፣ ወይ ዋጋ ቀንሶ ይገዛ ነበር፣ ወይ መካኒክ ይዞ ይመጣ ነበር፣ ወይም ቢያንስ ውሃዋን እያየ ይነዳ ነበር።

በሌላ በኩል ስለ እሱም መባል ያለበት አለ። ያገለገለ መኪና ሲገዛ መካኒክ ሳያሳይ ገዛ። የሙቀት መለኪያው ሲወጣ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን አጥፍቶ ከሆነ ጥፋት የለበትም፤ «ጥቂት ነው የቀረኝ» ብሎ ከቀጠለ ግን ጋርኒሲዮኑን ያቃጠለው፣ ቴስታታውንም ያጣመመው ያ መንገድ ሊሆን ይችላል። በተለይ የአሉሚኒየም ቴስታታ በሙቀት ቶሎ ይጣመማል። ስለዚህ ዛሬ ላይ «ያንቺ ጥፋት ነው» ወይም «የእሱ ነው» የሚልሽ ሰው ካለ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሳያይ የሚፈርድ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የምትኖሪበትን አገር አልገለጽሽልኝም፤ ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። ቢሆንም በብዙዎቹ ውስጥ የሚመሳሰል ነገር አለ፤ ሻጩ ያላወቀው ጉድለትና እያወቀ የደበቀው ጉድለት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ባለቤትሽ ውሉ ላይ ያስገባውን «ባለችበት ሁኔታ» የሚል ቃል ተመልከቺ። በጀርመን አንድ ግለሰብ የግል መኪናውን ሲሸጥ እንዲህ ባለ ቃል ከዋስትና ኃላፊነት ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ ግን ቃሉ አያድነውም። የፈረንሳይ ሕግም ለተደበቀ ጉድለት ሻጩን ይጠይቃል፤ ገዢውም ጉድለቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ለመክሰስ የ2 ዓመት ጊዜ አለው። ጉድለቱን ያላወቀ ሻጭ በውል ራሱን ነጻ ማውጣት ይችላል፤ ያወቀ ግን አይችልም። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ያለበትን ዋስትና ይደነግጋል። ገዢው ጉድለቱን ሲያውቅ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ በተንኮል ለተደበቀ ጉድለት ግን «ዋስትና የለብኝም» የሚል ስምምነት መሸሸጊያ አይሆንም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1979 የዕቃ ሽያጭ ሕግ «ጥራቱ አጥጋቢ ነው» የሚለውን ዋስትና የሚጭነው በንግድ ሥራው በሚሸጥ ላይ ነው፤ የግል መኪናውን የሚሸጥ ሰው ላይ አይደለም። ሆኖም መኪናዋ ከተገለጸችበት ቃል ጋር መግጠም አለባት፤ ትክክል ያልሆነ ነገር ተናግሮ ሰውን ውል ያስገባም ሊጠየቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ባለቤትሽ የተማመነበት ቃል ዋጋ ቢኖረውም ግድግዳ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። እንዲያውም እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ከውሉ ውጭ ያሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ማስታወቂያሽ ላይ ያለው «ምንም ወጪ የማትጠይቅ» የሚል ቃል ነው። ሁለተኛው ለአጎትየው የሰጠሽው መልስ ነው። እሱ በግልጽ ጠይቋል፤ አንቺም በግልጽ መልሰሻል። ባይጠይቅሽና ዝም ብትዪ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። በአንጻሩ አንቺን የሚደግፍ ነገርም አለ፤ ለመካኒክ አሳይተሻል፣ የተባልሽውን አስቀይረሻል፣ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትሞቅ ነድተሻታል። «ችግሩ ተፈቷል ብዬ አምኜ ነበር» ማለት ሐሰት አይመስለኝም። የዚያን ጊዜውን ደረሰኝ ፈልገሽ አስቀምጪ። ማስታወቂያውን፣ ውሉን፣ መልእክቶቹንም እንዲሁ። ያልተመቸሽን ነገር ለማጥፋት እጅሽ ቢያሳክክሽ እንኳ ምንም እንዳታጠፊ፤ ማስታወቂያው ልጁ ስልክ ላይም ሊኖር ይችላል፤ ሲጠፋ ደግሞ ነገሩ ካለው በላይ ከባድ መስሎ ይታያል።

ቀጥሎ የሚደረገው ነገር መኪናዋን ማሳየት ነው፤ ይህም ሳትጠገን መሆን አለበት። አንዴ ከተፈታታችና የተቃጠለው ዕቃ ከተጣለ ማን ምን እንዳበላሸ የሚናገር ማስረጃ አይኖርም። ያንቺም የእሱም ያልሆነ፣ ሁለታችሁም የምትቀበሉት መካኒክ ፈልጉ። «ተበላሽታለች ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ መበላሸቷንማ ታውቃላችሁ። ውሃው የሄደው በየት ነው? ጋርኒሲዮኑ የተበላው ቆየት ብሎ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ ሙቀት? ቴስታታው ተጣሟል ወይ፣ በምን ያህል? ብላችሁ ጠይቁት። ቴስታታው ወርዶ ቀጥታው በመለኪያ ሲታይ፣ ጋርኒሲዮኑ የት ላይ እንደተበላ ሲታይ፣ የሞተሩ ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ ሲታይ፣ ልምድ ያለው ሰው ብዙ ነገር ያነባል። አንድ የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ቢገኝ ታሪኩ ይለወጣል። ስንጥቁ አሮጌ ከሆነ ወደ አንቺ ያመዝናል፤ አዲስ ከሆነ ደግሞ በማንም እጅ ሊደርስ የሚችል ነበር። ያየውን በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ፎቶ ይነሳ፤ የወለቀው ዕቃም ይቀመጥ። ዋጋውንም ቢያንስ ከአንድ ሌላ ጋራዥ ጠይቁ። የመጀመሪያው ግምት ሁልጊዜ የመጨረሻው አይደለም።

ይህ እንዲሆን ግን ከልጁ ጋር መነጋገር ይኖርብሻል። እሱን የሰበረው የጋርኒሲዮኑ መቃጠል ብቻ አይመስለኝም። «እህቴ» ብሎ ሲጀምር «እደውልልሃለሁ» አልሽው፤ ከዚያ ዝም አልሽ። ገና ሥራ የጀመረ ልጅ ነው፤ ያለውን አውጥቶ ገዝቶ መኪናው ጋራዥ ቆማለች፣ የሸጠችለት ሰውም ስልክ አታነሳም። ዝምታሽ ለእሱ «አውቃ ነው» የሚል መልስ ሆኖታል። ሌሊት የሚልከውን ቃል ደግፌ አይደለም፤ ቁጣው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል።

ስለዚህ ሌሊት ሲጽፍ አትመልሺ። በቀን ጊዜ ወስደሽ፣ ባለቤትሽም አይቶት፣ አጭር ነገር ጻፊለት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ወንድሜ፣ መልስ ሳልሰጥህ በመቆየቴ ይቅርታ። የደረሰብህ ነገር አሳዝኖኛል። ምን እንደተፈጠረ በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። እባክህ መኪናዋ ሳትጠገን ሁለታችንም የምንስማማበት መካኒክ ይያት፤ ለምርመራው የሚከፈለውን እኩል እንክፈል። ጋራዡ የሰጠህን ወረቀት ላክልኝ። ውጤቱን ይዘን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ከዚህ በኋላ በዚህ ቁጥር ቀን ላይ እንጻጻፍ፤ መሥሪያ ቤቴ መምጣት ግን አያስፈልግም።» እዚህ ውስጥ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ቃል የለም፤ «እኔ አያገባኝም» የሚልም የለም። ይቅርታ የጠየቅሽው ለዝምታሽ ነው፤ እሱ ደግሞ እውነት ነው። በዚህም ካልበረደና ማስፈራራቱ ከቀጠለ፣ ወይም ደጅሽ ከመጣ፣ መልእክቶቹን ይዘሽ ለፖሊስ ማመልከት መብትሽ ነው። የመኪናው ክርክር ይህን መብት አይወስድብሽም።

አሁን የሚያስቸኩለውን ልንገርሽ፤ ከሁሉ ነገር በፊት ነገ ጠዋት ብታደርጊው ደስ ይለኛል። መኪናዋ አሁንም በስምሽ ናት። ልጁ ጠግኖ ቢነዳት፣ ወይ ለሌላ ቢሸጣት፣ አደጋ ቢደርስ ወይም የትራፊክ ቅጣት ቢከማች መጀመሪያ የሚፈለገው ሊብሬው (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) ላይ ያለው ስም ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ነድቶት ቢሆን ኃላፊ ነው ይላል። በሌላውም አገር የስም ጉዳይ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ መኪና የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ሄደሽ፣ ውሉን አሳይተሽ፣ በዚህ ቀን ሸጬ አስረክቤያለሁ ብለሽ በጽሑፍ አስታውቂ፤ ያስታወቅሽበትን ማረጋገጫም ያዢ። ለመድን ድርጅትሽም እንዲሁ አሳውቂ። ለልጁ ደግሞ «የስም ዝውውሩ ከጸባችን የተለየ ነገር ነው፤ አብረን ሄደን እንጨርሰው» በዪው። ወደ ፊት መኪናዋን ለመመለስ ብትስማሙ እንኳ ስሙን መልሶ ማዞር ይቻላል። ስሙን የድርድር መያዣ እንዳታደርጊው አደራ። አጉል ብልሃት ነው፤ መጀመሪያ የሚጎዳውም አንቺን ነው።

ባለቤትሽን ሳስብ ክፉ ሰው አድርጌ አላየሁትም። ቤቱን ለመጠበቅ ነው የተሟገተው። ግን እሱ የሚያውቀው ግማሹን ነው፤ ስለ ውሃው አልነገርሽውም። እሱ «ምንም የምናውቀው ነገር አልነበረም» ብሎ አምኖ ነው «ስልኩን እንዳታነሺ» ያለሽ። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስና እዚያ ቢሰማው ምን ይሰማዋል? ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ንገሪው። «አታለልኩ» ብለሽ ሳይሆን እንደሆነው፤ ሞቃ ነበር፣ አሠራሁ፣ ውሃ እጨምር ነበር፣ ሲጠይቁኝ አልተናገርኩም። ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ። ግን ብቻሽን ተሸክመሽው ከምትቆዪ ሁለት ሆናችሁ ብታስቡበት ይሻላል፤ ገንዘቡም የሁለታችሁ ነውና ውሳኔውም የሁለታችሁ መሆን አለበት።

«ብትከፍዪ ጥፋተኛ ነኝ ማለትሽ ነው» የሚለው ስጋቱ ግን መልስ አለው። ሰዎች ክርክር ሳይነሣ ወይም ተነሥቶ ሳለ በስምምነት ሲጨርሱ፣ ወረቀቱ ላይ «ይህ ክፍያ ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም፤ ገዢም በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ ሌላ ጥያቄ አያነሣም» ብለው ይጽፋሉ። መጠኑ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የሁለቱም ስምና ፊርማ፣ የምስክሮች ስም ይኖርበታል። እንዲህ ካልተጻፈ እኔም ከባለቤትሽ ጋር ነኝ፤ በቃል ብቻ ተስማምተሽ አንድ ሳንቲም አትስጪ። ከፍለሽ ከጨረስሽ በኋላ በሚቀጥለው ወር ካምቢዮው (ማርሹ) አስቸገረኝ ብሎ ቢመጣ የምታሳዪው ነገር ያስፈልግሻል።

ምን ያህል ነው ታዲያ? እሱ «ገንዘቤን መልሺ» ይላል። አንቺ የምትመልሺው ገንዘብ የለሽም፤ እሱም ለሳምንታት ነድቷታል፤ ችግሩም ሊጠገን የሚችል ነው። ስለዚህ ሽያጩን ከማፍረስ ይልቅ ስለ ጥገናው መነጋገር ለሁለታችሁም የሚቀርብ ይመስለኛል። ምርመራው ውሃው ከድሮ ጀምሮ በዚያው በጋርኒሲዮኑ በኩል ሲጎድል እንደነበር ካሳየ፣ ትልቁን ድርሻ አንቺ ብትሸከሚ ፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ ሕጉ ባያስገድድሽ እንኳ። ነገሩ ግልጽ ካልሆነ፣ ወይም ሞቃ እያየ ነድቷት ከሆነ፣ እኩል መካፈል የሚያስኬድ ነው። ከውሃው ጋር ምንም የማይገናኝ አዲስ ብልሽት ከሆነ ደግሞ ምንም ላትከፍዪ ትችያለሽ፤ ያኔም ቢሆን የምርመራውን ወረቀት አሳይተሽ በአክብሮት ንገሪው። ደግሞም የሞተሩ ራስ ተስተካክሎ አዲስ ዕቃ ሲገባበት መኪናዋ ከሸጥሽበት ቀን የተሻለች ትሆናለች፤ ይህም በድርሻው ላይ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻልሽ በየወሩ እንድትከፍዪ ጠይቂ፤ ግን የምትችዪውን መጠን ብቻ። አጎትየውም ድርድሩ ላይ ይገኝ። ሽያጩን ያየ ሰው ነው፤ ከልጁ ይልቅ ረጋ ብሎ የሚሰማ ሊሆን ይችላል።

አጎትየው ሲመጣ የጠየቀሽን ጥያቄ መልሶ ሊጠይቅሽ ይችላል። እዚያ ላይ ምን ትያለሽ? እኔ ብሆን ስለ ቴርሞስታቱና ስለ ውሃው እንደነበረው እናገር ነበር። ግን ይህን ከማድረግሽ በፊት ወረቀቶችሽን ይዘሽ አንድ ጠበቃ ጋ ሄደሽ አንድ ሰዓት ተማከሪ። የምትኖሪበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ሰው የሚነግርሽ ነገር ከእኔ ምክር ይበልጣል። ሦስት ነገር ጠይቂው፦ የጻፍኩት ማስታወቂያና የተናገርኩት ቃል በዚህ አገር ሕግ ምን ያህል ያስጠይቀኛል? ልጁ መክሰስ የሚችለው እስከ መቼ ነው፣ በየትኛውስ ፍርድ ቤት? የምንፈራረመው ስምምነት ይህን ጉዳይ በእርግጥ ይዘጋልኛል? በብዙ አገር ለአነስተኛ የገንዘብ ክርክር ቀለል ያለ ችሎት ስላለ፣ የልጁ «ፍርድ ቤት እንገናኛለን» እንደምትፈሪው ያህል አስፈሪ ላይሆን ይችላል። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰሽ ግን ቀኑን አታሳልፊ፤ ሰው በክርክር ከሚሸነፈው ባልተናነሰ በመቅረት ይፈረድበታል።

ለልጁ የምትልኪውን መልእክት ከባለቤትሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ላኪው፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ግን አታቆዪው። መካኒኩ አይቶ ውጤቱን ሲነግራችሁ፣ ድርሻችሁን መከፋፈል ላይ ብትቸገሩ መልሰሽ ጻፊልኝ። ለእናትሽ ምሕረቱን ያምጣላቸው።